የሐርድዊክን ቤት ማን ነደፈው?

የዚህን ሳምንት ዓምድ ለአንድ የእንግሊዝ የድንጋይ ቤት እንዳውለው አዘጋጁ ሲጠይቁኝ ብዙ አላመነታሁም። ሐርድዊክ ሆል አልኳቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ ደርቢሺር ውስጥ ኮረብታ ላይ ቆሟል። ከ1590 እስከ 1597 ያሠሩት እመቤት ቤስ ናቸው፤ አራት ባል አግብተው አራቱንም ቀብረዋል። የመጨረሻው ባል፣ የሽሩስበሪው ኧርል፣ ሲሞት መሠረቱ ገና መጣሉ ነበር። ድንጋዩ የወጣው ከዚያው ከኮረብታው ግርጌ ካለ ካባ ነው። መስታወት የባለጸጋ ዕቃ በሆነበት ዘመን እመቤቲቱ የራሳቸው የመስታወት መሥሪያ ነበራቸው፤ አልሰሰቱበትም። ቤቱን ከፊት ለፊት ላየው ግድግዳው አልቆ መስኮት ብቻ የቀረ ይመስላል። ለዚህም ብልሃት ነበረው፦ ምድጃዎቹና የጭስ መውጫዎቹ በአብዛኛው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ስለገቡ የውጪው ለመስኮት ተለቀቀ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጣሪያውም መስኮቱም ከፍ ይላል። ክብር ያለው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝመው አዳራሽም እዚያ ይገኛል። ፎቁ ለንግሥት የሚመጥን ነበር፤ ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን አንድም ቀን አልመጡበትም።

ክርክሩ በነዳፊው ላይ ነው። ብዙዎች የዘመኑ አርክቴክት ሮበርት ስሚዝሰን ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የእመቤቲቱን የሂሳብ መዝገብ ይጠቅሳሉ፦ ስሙ የሚገኘው በ1597 ነው፤ ለእሱ 20 ሽልንግ፣ ለልጁ 10 ሽልንግ። ይህ የነዳፊ ዋጋ ሳይሆን ጉርሻ ነው፤ ቤቱን ያቀዱት ራሳቸው እመቤቲቱ ከግንበኞቻቸው ጋር ሆነው ነው ይላሉ። እርግጥ ቤስ ሲያሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አጠገቡ ያለውን አሮጌውን ሐርድዊክም አሠርተዋል።

ነገር ግን ከስሚዝሰን ወረቀቶች መካከል ሐርድዊክን በጣም የሚመስል ፕላን ተገኝቷል። መስኮቶቹን ደግሞ ልብ በሉ፤ አንዳንዶቹ የውሸት ናቸው፣ ከኋላቸው ግንብ አለ። ክፍል በክፍል እየገነባ የሚሄድ ሰው መስኮት የሚያወጣው ብርሃን በሚፈለግበት ነው። ግራና ቀኙ እንዲመሳሰል ብሎ ግንብ ላይ መስታወት የሚለጥፍ፣ ቤቱን አስቀድሞ በወረቀት የጨረሰ ሰው ነው።

ወራሾቹ፣ የዴቮንሺር መስፍኖች፣ ኑሯቸውን በሌላው ቤታቸው በቻትስዎርዝ ስላደረጉ ሐርድዊክን ብዙም አልነካኩትም። በ1959 የቅርስ ጠባቂው ድርጅት ናሽናል ትረስት ተረከበው፤ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። በቤቱ ስድስት ማማዎች ላይ የሚታየው የእመቤቲቱ ስም ምሕጻር ነው። የስሚዝሰን ስምና የአርክቴክትነት ማዕረጉ የተቀረጹት በዎላተን ቤተ ክርስቲያን፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ነው።