ኮምጣጣው የፍላንደርስ ቢራ በጠላ አዋቂ ምላስ

የፍላንደርስ ቀይ ቢራ የሚባለው በምዕራብ ቤልጂየም የሚጠመቅ፣ በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የሚኮመጥጥ መጠጥ ነው። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚደርሰው የኮምጣጤ፣ የጎምዛዛ ፍሬና የእንጨት ሽታ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ቢጫ ቢራ ብቻ የለመደ ሰው «ይህማ ተበላሽቷል» ብሎ ብርጭቆውን ይገፋዋል። በደምቢያ ወይም በወገራ ጠላ ሲጠነሰስና ሲጠለል እያየ ያደገ ሰው ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይሆንበትም።

ፔታህ ቲክቫ ለቢራ ባዳ አይደለችም። ጄምስ ቢር ፋክቶሪ የተባለው ጠማቂ ቤት የተመሠረተው በዚችው ከተማ ነው። በእስራኤል ትናንሽ ጠማቂዎች እየበዙ ሲሄዱ ወጣቶችም ከተለመደው ውጭ ያለ ቢራ መፈለግ ጀምረዋል። ስለዚህ አንድ ቀን የልጅ ልጅ ኮምጣጣ ቢራ ይዞ መጥቶ «እማማ፣ እስቲ ይህን ቅመሺ» ቢል አይገርምም። ይኸው ልጅ የአያቱን ጠላ «ኮምጥጧል» ብሎ ሳይጨርስ የሚተወው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በወግ እንደኮመጠጠ፣ የትኛው እንደተበላሸ ሊያስረዳው የሚችል ሰው ቢኖር ግን ያቺው አያት ናት። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በእጅና በምላስ እንጂ በወረቀት አልተያዘም።

ለመጀመር ያህል «ኮምጣጣ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደሚሸፍን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው የእርጎ፣ የአጓትና የእንጀራ ሊጥ ኮምጣጣነት ነው። ይህ ለስለስ ያለ ነው፤ ምራቅ ያመጣል፣ አፍንጫን ግን አይወጋም። የሚያመጣው ላክቲክ አሲድ ሲሆን፣ አሲዱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛው የኮምጣጤ ኮምጣጣነት ነው። ይህኛው አፍንጫን ይወጋል፣ ጉሮሮን ይቧጥጣል። ስሙ አሴቲክ አሲድ ነው። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ አየር አይሠሩም፤ አየር ካገኙ አልኮሉን እየበሉ ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። እናቶቻችን የጋኑን አፍ ከድነው በጭቃ የሚመርጉት ይህን የሳይንስ ቃል ሰምተው አልነበረም፤ ግን ምክንያቱ ይኸው ነው። ጋኑ ከተከፈተና እየተቀዳ ከጎደለ በኋላ ጠላው በየቀኑ እየኮመጠጠ የሚሄደውም በጎደለው ቦታ አየር ስለሚገባ ነው።

የፍላንደርስ ቢራ ሁለቱንም ኮምጣጣነት በልክ ይዟል። ልዩ የሚያደርገውም ይህ ነው። ከሞላ ጎደል የእርጎው ዓይነት ይበዛል፣ የኮምጣጤው ዓይነት ጥቂት ይጨመርበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መነሻው የገብስ ብቅል ነው። ከብቅሉ ከፊሉ ቀላ እስኪል የተቆላ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት በቆሎም ይገባበታል። የጌሾን ሥራ የሚሠራው ሆፕስ የሚባል የሐረግ አበባ ነው። ሆፕስም እንደ ጌሾ መራራነት ይሰጣል፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽም ይከላከላል። ሆኖም በዚህ ቢራ ውስጥ ሆፕስ የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ቢበዛ የሚፈለጉትን የማኮምጠጫ ባክቴሪያዎች ይገታል። ከዚያ ቢራው በእርሾ ይፈላል፣ ቀጥሎም ወደ ኦክ በርሜል ይገባል። ኦክ በዕብራይስጥ አሎን የሚባለው ዛፍ ነው። በበርሜሉ ውስጥ ባክቴሪያዎቹና ብሬታኖማይሲስ የተባለ ዱር በቀል እርሾ ቀስ ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ይህን እርሾ በ1904 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያስታወቀው በዴንማርክ በካርልስበርግ ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ኒልስ ክላውሰን ነው። ያገኘው ከእንግሊዝ ቢራ ውስጥ ስለነበር ስሙም የብሪታንያ ፈንገስ ማለት ነው።

የዚህ ቢራ ዋና ምሳሌ ሮደንባክ ነው። ቤቱ ያለው በምዕራብ ፍላንደርስ በሩሰላር ከተማ ሲሆን፣ የሮደንባክ ቤተሰብ ጠመቃውን የጀመረው በ1821 እ.ኤ.አ. ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ አሌክሳንደር ሮደንባክ በልጅነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር፤ ይህም ቤልጂየም በ1830 ነፃ ስትወጣ በአገሪቱ ጉባኤ ከመቀመጥ አላገደውም። በኋላ በ1870ዎቹ ዩጂን የተባለ የቤተሰቡ ተወላጅ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ቢራን በእንጨት በርሜል የማቆየትና አሮጌውን ከአዲሱ የመቀላቀል ጥበብ ተምሮ እንደተመለሰ ይነገራል። ዛሬ በቤቱ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ግዙፍ የኦክ በርሜሎች ቆመዋል። እያንዳንዱ አስር ሺዎች ሊትር ይይዛል። አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተዋል። በዚያው አካባቢ በቪክተ መንደር የሚገኘው የቨርሃህ ጠማቂ ቤት ደግሞ ዱሼስ ደ ቡርጎኝ የተባለውን፣ 6.2 በመቶ አልኮል ያለውንና ከሮደንባክ ጠጣር ያለ ጣፋጭነት የሚታይበትን ያወጣል።

በርሜሉን ከጋን ጋር ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አየር የማያስገቡ አይደሉም፤ ሸክላውም እንጨቱም በትንሹ ይተነፍሳሉ። ነገር ግን ትልቅ ዕቃ ከሚይዘው መጠጥ ጋር ሲታይ የግድግዳው ስፋት ትንሽ ነው። ስለዚህ አስር ሺዎች ሊትር በያዘ በርሜል ውስጥ አየሩ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ቢቀመጥም ኮምጣጤ አይሆንም። አንድ ጋን ጠላ ይህን ያህል ዕድሜ ሊኖረው አይችልም።

ትልቁ ልዩነት ግን በአያያዝ ላይ ነው። ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያም በወይራ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፤ የቀረውን ተሕዋስ ያዳክማል። ጥንስሱ የሚጀምረው በጸዳ ዕቃ ነው፣ ሥራውን የሚሠራውም ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከአየሩ የመጣው ነው። የቤልጂየሙ ጠማቂ ግን በርሜሉን የሚፈልገው በእንጨቱ ውስጥ ለዘመናት የተቀመጡትን እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ብሎ ነው። እነሱን በጭስ ቢያባርር በርሜሉ ባዶ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

በርሜሉ ሲበቃ ደግሞ ሥራው አያልቅም። ጠማቂው በየበርሜሉ እየዞረ ይቀምሳል፤ ሁለት ጎረቤት በርሜሎች አንድ ዓይነት አይወጡምና። ከዚያ አሮጌውን ከአዲሱ ይቀላቅላል። በተለመደው ሮደንባክ ከአራት እጅ ሦስቱ አዲስ ቢራ፣ አንዱ ሁለት ዓመት የቆየ ነው፤ አልኮሉ 5.2 በመቶ ነው። ግራን ክሩ በሚባለው ግን ከሦስት እጅ ሁለቱ የቆየው ሲሆን አልኮሉ 6 በመቶ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው በተለመደው ቢጀምር ይሻላል፤ ግራን ክሩ ላልለመደ ሰው ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ቅምሻ ከምግብ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቡና አፍ ውስጥ ካለ ምላስ አይፈርድም። ጠርሙሱ ከፍሪጅ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። በጣም የቀዘቀዘ እንደሆነ መዓዛው ይደበቅና ስለታሙ ኮምጣጣነት ብቻ ይቀራል። ብርጭቆው ከላይ ጠበብ ያለ ቢሆን ሽታውን ይሰበስባል። ግማሽ ብርጭቆ በቂ ነው። ከታች የተቀመጠ ደቃቅ አተላ ካለ ሳይናወጥ ቀስ ብሎ መቅዳት ነው።

መጀመሪያ ይሽተት። ኮምጣጤው ቀድሞ ይመጣል። ብርጭቆውን ትንሽ አዙሮ ደግሞ ማሽተት ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ከኮምጣጤው ኋላ የደረቀ ፍሬ፣ የቀይ ወይን፣ አንዳንዴም የቫኒላ ሽታ ይገኛል። ቫኒላው ከኦኩ እንጨት የሚመጣ ነው። ከዚያ ጥቂት ተጎንጭቶ አፍ ውስጥ ማቆየት ይገባል። በመጀመሪያው ጉንጭ ላይ አይፈረድም፤ ምላስ ይደነግጣል። እውነቱን የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የብቅሉ ጣፋጭነት ከፊት ይመጣል፣ ኮምጣጣነቱ ከምላስ ግራና ቀኝ ይይዛል፣ በመጨረሻ እንደ ጠንካራ ሻይ ወይም እንዳልበሰለ ሙዝ ድድን ጭምድድ የሚያደርግ ነገር ይቀራል። ያ የእንጨቱ ነው።

ጠላ የለመደ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድልበታል፦ ጌሾው። መራራነት የለም ማለት ይቻላል። የወይራው ጭስም የለም። ይህን ጉድለት ማስተዋል ራሱ ቅምሻ ነው። በተቃራኒው በቢራው ውስጥ ያለው ጣፋጭና ኮምጣጣ የተጋጠመበት መንገድ ከጉሽ ጠላ ይልቅ በደንብ የጠለለና ጥቂት የቆየ ጠላን ያስታውሳል። ኮረፌ ያሳደገው ሰው ደግሞ ወፍራሙን አረፋ ይፈልግ ይሆናል፤ አያገኘውም።

መጥፎው እንዴት ይለያል? በቢራውም በጠላውም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው። ኮምጣጤው ሌላውን ጣዕም ሁሉ ከሸፈነ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ከበረታ፣ የበሰበሰ ወይም የትውኪያ ሽታ ካለ፣ በላዩ ላይ ሻጋታ ከታየ መድፋት ነው። ኮምጣጣ መሆኑ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም።

ይህ ለቤት ጠላም ይጠቅማል። የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ቀዝቀዝ ያለች አገር ናት። ፔታህ ቲክቫ ደግሞ በባሕር ዳርቻው ሜዳ ላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በደጋው በቆጠሩት ቀን ልክ የሚጠመቅ ጠላ እዚህ በበጋ ቶሎ ያልፍበታል። ስለዚህ ቀኑን ሳይሆን ምላስን ማመን ይሻላል፦ በየቀኑ ቀምሶ፣ የእርጎው ኮምጣጣነት ደርሶ የኮምጣጤው ሳይጀምር ማጥለል፣ ከዚያ በትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አየር እንዳይቀርበት ሞልቶ ፍሪጅ ማስገባት ነው። በፍሪጅም ውስጥ መፍላቱ ጨርሶ ስለማይቆም ክዳኑን በየቀኑ ላላ አድርጎ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። የመስታወት ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። ዕቃ ማጠኑም ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ወይም በተከለለ ሰገነት ላይ የከሰል ፍም ማስቀመጥ ገዳይ ነው። ለማጠኛ የሚሆን እንጨት እንኳ እዚህ አይጠፋም፤ የእስራኤል የዘይት ዛፍ ከሀገር ቤቱ ወይራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

የመጠኑ ነገርም አለ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 6 በመቶ ቢራ ውስጥ 16 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። ጠላ ቀለል ያለ ቢመስልም፣ 3 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር ጠላ ወደ 24 ግራም ይይዛል፤ ማለትም ከአንዱ ጠርሙስ ይበልጣል። የስኳር መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥን ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመቅመሱ በፊት የኩፓት ሖሊም ሐኪሙን ይጠይቅ። ሪህ ያለበትን ሰው ቢራ ያባብስበታል፤ ጨጓራ የሚያቃጥለውንም ኮምጣጣው አይስማማውም።

ካሽሩት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ የበርሜሉ ታሪክ ይመለከተዋል። ዛሬ «በበርሜል የቆየ» የሚባል ብዙ ቢራ የሚቀመጠው ቀደም ሲል ወይን በነበረባቸው በርሜሎች ውስጥ ስለሆነ፣ የወይኑ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ በጠርሙሱ ላይ የካሽሩት ማኅተም መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከገብስ የተጠመቀ ሁሉ፣ ቢራውም ጠላውም፣ ለፋሲካ ሐሜጽ ነው። ብቅሉም፣ ድፍድፉም፣ አተላውም እንዲሁ።

ተከፍቶ የተረፈ ጠርሙስ በማግስቱ ጋዙ ይወጣል፣ ኮምጣጤውም ይበረታል። ያኔ ለመጠጥ ባይሆንም ለወጥ ይሆናል። ፍላንደሮች የበሬ ሥጋ በብዙ ሽንኩርትና በቢራ ለሰዓታት ያበስሉበታል፤ ሽንኩርት አቁላልቶ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ከውሃው በከፊል ቢራውን መተካት ብቻ ነው።