የንጉሡ ቤት የት አለ? ከላስታ ተራሮች የምንማረው



ጎንደር የሄደ ሰው የነገሥታቱን ግንብ ሳያይ አይመለስም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬም በከተማው መካከል ቆሟል። ላሊበላ የሄደ ሰው ግን 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይቀርበታል። ይህን ሁሉ ያስፈለፈለው ንጉሥ ራሱ የት ነበር የሚያድረው? የንጉሡ ቤት የት አለ?

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ይዘን የላስታን ምድር እንዞራለን። ከሮሃ ተነሥተን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻና ወደ ገነተ ማርያም፣ ከዚያም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል እስከ ሙጃ እንደርሳለን። መንገዱ ለጎብኚ የሚጠቅም ነው፤ ለአማኝ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚናገረው አለው።

የጠፋው ከተማ

ላስታ ዛሬ በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኝ ደጋ አገር ነው። የዛጉዬ ነገሥታት እስከ 1270 እ.ኤ.አ. ድረስ ኢትዮጵያን ያስተዳደሩት ከዚህ ነበር። መቀመጫቸው አደፋ ይባል ነበር፤ ከሮሃ አጠገብ ማለት ነው። ሮሃ ደግሞ በኋላ በንጉሡ በላሊበላ ስም የተጠራችው ከተማ ናት። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነው።

የአደፋ ስም በታሪክ ቀርቷል፤ ለጎብኚ የሚታይ የቤተ መንግሥት ግንብ ግን የለም። ግብር የተበላበት አዳራሽ፣ አዋጅ የተነገረበት አደባባይ፣ የንግሥቲቱ እልፍኝ ይኸውና ተብሎ አይታይም። አገር የገዛ መንግሥት ቤቱ ሲጠፋ፣ ያሠራው የጸሎት ስፍራ ግን ከ800 ዓመት በኋላም በየዕለቱ ቅዳሴ ይቀደስበታል።

ከላይ ወደ ታች

ሰው ቤት ሲሠራ መሠረት ይጥልና ወደ ላይ ይወጣል። የላስታ ጠራቢዎች ግን ከጣሪያ ጀምረው ወደ መሠረት ወረዱ። በመጀመሪያ በዓለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ይቆፍራሉ፤ መካከል ላይ ትልቅ ድንጋይ ለብቻው ይቀራል። ከዚያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ በመጨረሻም በሩን እየጠረቡ ይወርዳሉ፤ ውስጡንም ፈልፍለው ዓምዱንና ቅስቱን ያወጣሉ። ከእነዚህ ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲሆን ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከላይ ሲታይ መስቀል ነው።

እንዲህ ባለው ሥራ ስሕተት አይታረምም። የተቆረጠ ዓምድ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ጠራቢው ገና መሮውን ሳያነሣ ሙሉው ቤት በልቡ ተሥሎ መገኘት ነበረበት። የዝናቡ ውኃ የሚወርድበት ቦይ እንኳ አስቀድሞ የታሰበ ነው።

በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን አይቶ ከጻፈ በኋላ፣ አንባቢዎቹ ውሸታም እንዳይሉት ሠግቶ ነበር። የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ትውፊት ቀን ሰው ሲጠርብ ሌሊት መላእክት ያግዙ እንደነበር ይናገራል። እኛ በዚህ አንከራከርም፤ ማንም የሚስማማበት አንድ ነገር አለና። የንጉሡ ስም በከተማው ላይ ቀርቷል፤ መሮ ይዘው ላባቸውን ያፈሰሱትን ሰዎች ስም ግን ዛሬ የሚጠራ የለም። ሥራቸው አለ፤ እነርሱ የሉም። በስውር የተሠራውን የሚያይ አባት መኖሩን ጌታችን ባያስተምረን ኖሮ (ማቴዎስ 6፥4) ይህ እንዴት ያሳዝን ነበር!

ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከ11ዱ መካከል ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ ከሌሎቹ ለየት ይላሉ። አቀማመጣቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ የተስተካከለ አይደለም። ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው በጥልቅ ጉድባ ላይ በተዘረጋ ድልድይ ነው፤ ምሽግ ይመስላል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የነገሥታት መኖሪያ ወይም መከላከያ ሆኖ እንደተፈለፈለ ያስባሉ። በቤተ መርቆሬዎስም የእግር ብረት በመገኘቱ፣ ቀድሞ እስር ቤት ወይም የፍርድ ቤት ነበር የሚሉ አሉ።

ይህ አስተያየት ትክክል ከሆነ ምን ማለት ነው? የንጉሡ ቤት ፈጽሞ አልጠፋም ማለት ነው። የተረፈው ግን የንጉሥ ቤት ሆኖ ሳይሆን የጸሎት ቤት ሆኖ ነው። ሰው በእግር ብረት የታሰረበት ክፍልም ዛሬ የእስረኞች መፈታት የሚነበብበት ስፍራ ሆኗል።

ከላሊበላ ከተማ ወጥተን በስተ ሰሜን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ብንሄድም የምናየው ይህንኑ ነው። ጥዶች በከበቡት ተራራ ሥር ሰፊ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም፤ እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ በአክሱም ዘመን ጥበብ የተሠራ ነው። ዕድሜውም ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ይቀድማል። ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። በዚያው ዋሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን፣ የንጉሡ መኖሪያ ነበር የሚባል ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ከጀርባ ደግሞ በጥንት ጊዜ የሞቱ የብዙ ሰዎች አስከሬን ይታያል። ንጉሥና ካህን፣ ሕያውና ሙት በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው።

ገነተ ማርያምን ደግሞ ሳናይ ማለፍ የለብንም። ይህ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የዛጉዬን መንግሥት ከጣለው ከይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው፤ በግድግዳው ላይም የንጉሡ ሥዕል አለ። ሥርወ መንግሥት ተለወጠ፤ አሸናፊው ግን የተሸናፊውን ጥበብ አላፈረሰም። እርሱም በዚያው ምድር፣ በዚያው ዓይነት ዓለት ውስጥ የጸሎት ቤት አስፈለፈለ። በየዘመኑ የቀደመውን እያፈረስን ከዜሮ ለምንጀምር ሰዎች ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ሰሎሞን ስንት ዓመት ሠራ?

ቅዱሳት መጻሕፍትን ስንመረምር ሰሎሞን የእግዚአብሔርን ቤት በ7 ዓመት፣ የራሱን ቤት ግን በ13 ዓመት እንደጨረሰ እናነባለን (1ኛ ነገሥት 6፥38፤ 7፥1)። ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ካስቀመጠ በኋላ አይፈርድም፤ አንባቢው ራሱ እንዲያስብ ይተወዋል። በነቢዩ ሐጌ ዘመን ደግሞ ሕዝቡ የራሱን ቤት በእንጨት ሲያስጌጥ የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ነበርና ተወቀሰ (ሐጌ 1፥4)።

ነገር ግን ወገኖች፣ ፈጥነን «ለራስህ አትሥራ፣ ለእግዚአብሔር ከሠራህ ሥራህ አይጠፋም» ብለን እንዳንደመድም እንጠንቀቅ። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌም ሲገባ የንጉሡን ቤትም የእግዚአብሔርንም ቤት አቃጥሏል (2ኛ ነገሥት 25፥9)። ድንጋይ የጸሎት ቤት ስለሆነ ብቻ ከመፍረስ አይድንም። የላሊበላም ዓለት እየተሰነጠቀ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ከዝናብና ከፀሐይ እንዲከላከሉ በብረት ምሰሶ የቆሙ ትላልቅ መጠለያዎች ተሠሩ፤ ቆይቶ ግን የአካባቢው ነዋሪ ክብደታቸው ጉዳት እንዳያመጣ ሠግቶ ድምፁን አሰማ። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ስፍራ እንኳ ጠባቂ ይፈልጋል።

ታዲያ ጸንቶ የሚኖረው ምንድን ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና በታላላቅ ቤተ መቅደሶች መካከል ቆሞ፣ ዓለምን የፈጠረ አምላክ የሰው እጅ በሠራው ቤት እንደማይወሰን ሰበከ (ሐዋርያት 17፥24)። ጴጥሮስ ደግሞ አማኞች ራሳቸው ለመንፈሳዊ ቤት የሚሠሩ ሕያዋን ድንጋዮች እንደሆኑ ጻፈ (1ኛ ጴጥሮስ 2፥5)። ከዓለት የወጣ ቤት ያየ ሰው ይህን ቃል በተለየ መንገድ ይረዳዋል። ሕያው ድንጋይ መሆን ማለት ጠራቢው ሲቆርጠን መታገሥ ማለት ነውና። የሚነሣው ድንጋይ ባይነሣ ኖሮ ቤቱ አይወጣም ነበር።

የሁሉ ቤዛ

በገና ዕለት በቤተ ማርያም የሚደረገውን ሥርዓት ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተነዋል። ካህናቱ ከቦዩ በላይ በዓለቱ ጫፍና ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የዚህ ሥርዓት ስም ቤዛ ኩሉ ነው፤ የሁሉ ቤዛ ማለት ነው።

በመካከላችን ስለ ላሊበላ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ድንጋይ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። ሌላው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከመመለስ በላይ ምንም አይፈልግም። እኛ ግን ሁለቱም ያለውን ነገር አያዩም እንላለን። በትምህርት የምንለያይባቸው ጉዳዮች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ አንሸፍናቸውም። ሆኖም ራሱን ለሁሉ ቤዛ አድርጎ ስለ ሰጠው ስለ ክርስቶስ (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥6) ከእኛ በፊት በዚህ ምድር ተነግሯል። ከላስታ ወጥተው ወንጌላዊ የሆኑ ልጆች እናቶቻቸው በነጠላ ተጠቅልለው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ለገና ወደ ላሊበላ ሲወርዱ እያዩ ያደጉ ናቸው። እናት የተሳለመችውን ደጅ በንቀት የሚጠራ ልጅ፣ ስለ ክርስቶስ የሚናገረውን እናቱ እንዴት ትስማው?

ነቢዩ ኢሳይያስ ሕዝቡ የተቆረጠበትን ዓለት እንዲመለከት ጠርቶት ነበር (ኢሳይያስ 51፥1)። እኛም ከባዶ አልመጣንም። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ በ1840 እ.ኤ.አ. የታተመው አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ለዓመታት ተቀምጦ ከተረጎመው ነው። ምስጋና ከእምነት አያጎድልም።

ተራራውና ሙጃ

ከላሊበላ በሰሜን ምሥራቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚያ ብርድ ጓሳ ሣርና ጅብራ ይበቅላሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። የተከዜ ወንዝ መነሻም በዚሁ በላስታ ተራሮች ነው። ወደ ምሥራቅ ስንሻገር የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ሙጃ ትገኛለች። በሙጃ ዙሪያ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ የሚመጣ ጎብኚ ብዙ አይደለም፤ ያለው ደጋ፣ ገብስ፣ በግና ጠንካራ ገበሬ ነው። ሆኖም መዝሙረኛው በ104ኛው መዝሙር ስለ ረጃጅም ተራሮችና በዓለት ስለሚጠለሉ እንስሳት ሲዘምር ያየው ዓይነት አገር ይኸው ነው። ይህን ስፍራ ማንም አልፈለፈለውም፤ ሠሪው ራሱ እግዚአብሔር ነው። ገበሬው ማረሻውን ወደ ተራራው በገፋ ቁጥር የቀበሮዋ መኖሪያ ይጠብባል፤ ልጆቹ ደግሞ መብላት አለባቸው። ስለ ፍጥረት ጥበቃ የምንጸልይ ሁሉ ስለዚህ ገበሬ እንጀራም መጸለይ ይገባናል።

ይህ ሕዝብ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። በኮሮና ምክንያት እንግዳ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። በእንግዳ የሚኖሩት አስጎብኚው፣ የበቅሎ ባለቤቱ፣ ጠጅና እንጀራ ሻጯ ሁሉ ተቸገሩ። ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስትደርሱም የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ጫማችሁን በደጅ አውልቁ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በቅዳሴ ሰዓት ዝም በሉ። ለክርክር አትሂዱ፤ ለማዳመጥ ሂዱ። ከተጠየቃችሁ ደግሞ ስለ ተስፋችሁ በትሕትናና በአክብሮት መልሱ (1ኛ ጴጥሮስ 3፥15)።

የአደፋ ቤተ መንግሥት የለም። ሰው ለራሱ ክብር የሚያቆመው ሁሉ እንዲሁ ያልፋል። ከእኛም መካከል የግል ቤት የሚሠራ አለ፤ ጉባኤያችንም አዳራሽ ይሠራል፤ ሁለቱም በራሳቸው ኃጢአት አይደሉም። ሆኖም ሁለቱን ለማን እንደምንሠራቸው ዛሬ እንጠይቅ። እናንተም እውነትን የምትፈልጉ አንባቢዎቻችን፣ ያ ታላቅ ንጉሥ ያደረበት ቤት እንደጠፋ አይታችኋል። ሰማይና ምድርን የሠራው ንጉሥ ግን ቤቱን በሰው ልብ ውስጥ ሊያደርግ ይወድዳል፤ ደጁንም ቆሞ ያንኳኳል (ራእይ 3፥20)። ለዚህ ቤት መሮም ወርቅም አያስፈልግም፤ በሩን መክፈት ብቻ ይበቃል።

ጌታ ለላስታና ለሙጃ፣ ለአገራችንም ሁሉ ሰላሙን ያብዛ። ተባረኩ።