የናፖሊ ጠረጴዛና የሰበታ ኩሬ

ሰበታ ሲባል ብዙዎቻችን ፋብሪካ እንጂ ዓሣ አይታወሰንም። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓሣ ማራቢያነት የተጀመረው የምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ነው። ማዕከሉ የዓሣ ጫጩት እያራባ ለግድቦችና ለሐይቆች ሲያከፋፍል ቆይቷል፤ ዛሬ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

የእንዲህ ያሉ ተቋማት ፋና ወጊ፣ ጀርመናዊው አንቶን ዶርን እ.ኤ.አ. በ1872 በናፖሊ የባሕር ዳርቻ የመሠረተው ጣቢያ ነው። ዶርን የሥራ ጠረጴዛዎችን ለመንግሥታትና ለዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ያከራይ ነበር። ተመራማሪው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ቤተ መጻሕፍትና ከባሕር የወጡ ሕያው እንስሳት ይቀርቡለታል። የአኳሪየሙ የመግቢያ ክፍያም ወጪውን ይደጉማል። ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ቶማስ ሀንት ሞርጋንና ኦቶ ዋርበርግ በዚያ ሠርተዋል።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የዶርን ትምህርት ግን ለሐይቅም ይሠራል። በጣና ብቻ የሚገኙ የባርበስ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ ይያዛሉ። ይህን ከሰበታ ኩሬ ዳር ሆኖ መከታተል አይቻልም። እንደ እኔ እምነት፣ ሰበታ ኩሬውን እንደያዘ ጠረጴዛውን ወደ ሐይቆቹ ዳር ማውጣት፣ ለዩኒቨርሲቲዎችም ማከራየት ይኖርበታል።