ከአሸዋ ላይ የቆመ አስተዳደር፤ የቪያ ኤል ሳልቫዶር ሕዝብና ማዘጋጃ ቤት

መንግሥት ከላይ የዘረጋው የሕዝብ ማደራጃ መዋቅር ውሎ አድሮ የሕዝቡ የራሱ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ያለፈን ምሁር ሁሉ የሚያሳስብ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ በስተደቡብ የምትገኘውን የቪያ ኤል ሳልቫዶርን ታሪክ መነሻ በማድረግ ጥያቄውን ለመመርመር ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኤፕሪል 1971 መጨረሻ ቤት አልባ ቤተ ሰቦች በሊማ ፓምፕሎና በተባለ ሥፍራ ባዶ መሬት ያዙ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠር ሆነ። ፖሊስ ሊያስለቅቃቸው ሲሞክር የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ለሰፋሪዎቹ ቅዳሴ የመሩት ረዳት ጳጳስ ሉዊስ ባምባሬንም ታሰሩ። ከ1968 ጀምሮ ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ኹዋን ቬላስኮ አልቫራዶ መንግሥት ራሱን አብዮታዊ ብሎ የሰየመ ነበርና ድኾችን በጠመንጃ መበተኑ አጣብቂኝ ውስጥ ከተተው። ጳጳሱ ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ ሰፋሪዎቹም ውሃና መብራት ወደሌለበት የአሸዋ ሜዳ ተወሰዱ።

የአዲሱ ሰፈር ፕላን በራሱ የአስተዳደር መዋቅር ነበር። 24 የቤት ቦታዎች አንድ ብሎክ ሲሆኑ፣ 16 ብሎኮች ደግሞ አንድ የመኖሪያ ቡድን፣ ማለትም 384 ቤተ ሰቦች፣ ይሆናሉ። በየቡድኑ መካከል ለትምህርትና ለስብሰባ የሚያገለግል የጋራ ሥፍራ ተትቷል። ብሎኮቹ ተወካዮቻቸውን ይመርጣሉ፤ ከእነዚህም ምርጫዎች በ1973 ኩዋቬስ የተሰኘው ራሱን የሚያስተዳድር የከተማ ማኅበር ተመሠረተ። ወታደራዊው መንግሥት ሲናሞስ በተባለው መሥሪያ ቤቱ አማካይነት ይህን ሁሉ የደገፈው ሕዝቡን በእጁ ለማቆየት ነበር። ይሁን እንጂ ቬላስኮ በ1975 ከወረዱ በኋላ የመንግሥቱ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ መዋቅሩ አብሮ አልፈረሰም። ነዋሪው ውሃን፣ መብራትንና ትምህርት ቤትን የሚጠይቅበት ሌላ መሣሪያ አልነበረውምና የተሰጠውን የራሱ አደረገው።

በጁን 1983 ቪያ ኤል ሳልቫዶር ራሷን የቻለች ወረዳ ሆነች። በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ የግራ ኅብረት እጩ የነበሩት፣ በትውልድ ስፔናዊ የሆኑት መምህር ሚሼል አስኩዌታ የመጀመሪያው ከንቲባ ሆኑ። ከዚህ በኋላ በአንድ ሕዝብ ላይ ሁለት አካላት ቆሙ፤ አንዱ በሕግ የተቋቋመ ማዘጋጃ ቤት፣ ሌላው ከዚያ ቀድሞ የነበረ ማኅበር። የአስኩዌታ ምክር ቤት ማኅበሩ የወሰነውን ማዘጋጃ ቤቱም እንደ ሕግ ይቀበላል የሚል መርሕ አወጣ። መርሑ ፉክክሩን ጨርሶ ባያስቀርም ከተማዋ በ1987 የስፔንን የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት ለማግኘት በቃች።

ይህ ስኬት ጠላትም አፈራ። ሴንዴሮ ሉሚኖሶ የተባለው የታጠቀ ድርጅት በድኻው ሰፈር ከእርሱ ውጭ የተደራጀን ማንኛውንም ኃይል እንደ እንቅፋት ያይ ነበር። የጋራ ማብሰያ ቤቶችንና ለሕፃናት ወተት የሚያድሉ ኮሚቴዎችን ያቀፈውን የሴቶች ፌዴሬሽን የመሩት፣ ኋላም ምክትል ከንቲባ የሆኑት ማሪያ ኤሌና ሞያኖ ድርጅቱን በአደባባይ ተቃወሙ። በፌብሩዋሪ 1992 ድርጅቱ የጠራውን የሥራ ማቆም አድማ በመቃወም የሰላም ሰልፍ በመሩ ማግስት በ33 ዓመታቸው በጥይት ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም በድማሚት ተበተነ። ገዳዮቹ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ፈንታ የወተቱንና የምግቡን ሥራ የምትመራውን ሴት መምረጣቸው የሥልጣኑ እውነተኛ ሥር የት እንደነበር ይመሰክራል።

የ1993 ቆጠራ ወደ 254,000 የሚጠጋ፣ የ2017ቱ ደግሞ ከ393,000 በላይ ነዋሪ መዘገበ። በአሸዋው ላይ የመጀመሪያውን ካስማ ያልተከለው ትውልድ ሲበዛ የብሎክ ስብሰባው ሳሳ፤ ኩዋቬስም የቀድሞ ክብደቱን አጣ። በአንጻሩ በ2000 አካባቢ ወረዳዋ የጀመረችው ነዋሪው በጀት የሚመድብበት አሠራር በ2003 በመላ ፔሩ ሕግ ሆነ።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ አዎን ነው፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ። መዋቅሩን ማን እንደሠራው ብቻውን ወሳኝ አይደለም። ወሳኙ ታችኛው እርከን በእጁ የሚያስተዳድረው ነገር ያለው መሆኑና መሪውን ራሱ መሾምና መሻር መቻሉ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ የቀበሌ ማኅተም ቢቀረጽ፣ የስብሰባ አዳራሽም ቢሠራ፣ የቀረው ከላይ የተጣለው ሰንሰለት ብቻ ነው።