ያልተመዘገበው የእናቶቻችን ሙያ

ባለፈው ሚያዝያ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን የብድር ጥያቄ አቀረበች። ሙያዋ አዋላጅ ነርስ ነው። የቻይናን ባህላዊ ሕክምና፣ ማለትም የመርፌውን፣ የማሸቱንና የዕፅዋቱን ሙያ ተምራ፣ የሴትን ጤና ከራስ እስከ እግር አይታ የምትረዳ ባለሙያ መሆን ትፈልጋለች። ለትምህርቱ የሚሆናትን ገንዘብ ከተዘዋዋሪ ብድራችን ጠየቀች። ወዲያው ጉምጉምታ ሆነ። ግማሾቻችን «የራሳችን ወጌሻና አዋላጅ እያለን የቻይናው ምን ያደርግልናል?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሆስፒታል ባለበት ከተማ ወደ ቅጠል መመለስ ምን ይሉታል?» አልን። በመጨረሻ የማኅበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ «አንቺ አጥንተሽ ንገሪን» ተባልኩ።

እኔም ወጪና ገቢውን ላሰላ ተነሣሁ። ነገር ግን ሒሳቡን ከመጨረሴ በፊት ታሪክ ውስጥ ገባሁ። ውድ እኅቶቼ፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት አያቴን ነው። አያቴ በዳባት ገጠር የታወቁ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። በምጥ ሌሊት ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ሲማጠኑ፣ እሳቸው እጃቸውን ቅቤ ቀብተው የወላዷን ሆድ ቀስ እያሉ ይዳብሳሉ። ሕፃኑ በራሱ ይምጣ በእግሩ በእጃቸው ያውቁታል። አራሷን ያሻሉ፣ ገንፎውን ያስገነፋሉ፣ ያዘነችውን ያጫውታሉ። ስንት ልጅ እንዳዋለዱ ሲጠየቁ «እግዜር ይቁጠረው» ነበር መልሳቸው። አንዲት ሴት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም። ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ፣ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ ጎንደር ስትወሰድ መንገድ ላይ ያረፈች የጎረቤት ልጅ ነበረች። «አንድ ቀን ቀድሜ በላክኋት» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

አያቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ያወቁትም የተሳሳቱትም አብሯቸው ተቀበረ። አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። በእኔ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ ደረሰኝ የሌለው የአርባ ዓመት ሥራ ነው።

በጎንደር የመድኃኒት ዕውቀት ጨርሶ አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ደብተሮቻችን የሥሩንና የቅጠሉን ስም፣ አቀማመሙንም በብራና ላይ ጽፈው ትተውልናል። ነገር ግን ብዕሩ የነበረው በወንዶች እጅ ነው። የማዋለዱና አራስ የማንሣቱ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በእጅና በአፍ ብቻ ነበር።

ያልጻፈ ምን እንደሚያጣ ከዚሁ ከከተማችን ምሳሌ ላምጣ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አስታሟል። የሀገሩን ዕፅዋትም እየሳለና እየጻፈ ወሰደ። ሀገሬው ለተቅማጥ የሚጠቀምበት ዋጊኖስ ዛሬ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ላይ «ብሩሲያ» ተብሎ በእሱ ስም ይጠራል። ዋጊኖስን ለይቶ፣ ቀቅሎ፣ መጠኑን አውቆ ለልጇ ያጠጣች እናት ግን ስሟ የትም የለም። ብሩስ ሰረቀ አልልም፤ ጻፈ። የጻፈ ስሙ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቻይና የሄድኩት። የቻይናን ሕክምና ታሪክ ሳነብ ልቤን የነካችው ታን ዩንሺየን የምትባል ሴት ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1461 ነው። ሕክምናን ያስተማሯት አያቷ ናቸው። በዚያ ዘመን በደህና ቤት ያለች ሴት ገላዋን ለወንድ ሐኪም ማሳየት ነውር ስለነበር፣ ሴቶች የውስጥ ሕመማቸውን ይዘው ወደ ታን ይመጡ ነበር። የወር አበባ መዛባት፣ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድካም፣ ከሐዘን የሚነሣ ሕመም ይገኝበታል። እሷም በዕፅዋት ታክማለች፤ የደረቀ ቅጠል በገላ አጠገብ በማጨስ የሚሰጠውን ሕክምናም ትጠቀማለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ሲደርስ ተቀምጣ ያከመቻቸውን 31 ታማሚዎች ታሪክ ጻፈች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1511 ተዘጋጀ። ሴቲቱ ምን ሥራ ትሠራ እንደነበር፣ ምን እንዳስጨነቃት፣ ምን እንደተሰጣትና ምን እንደሆነች ጽፋለች። መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል። አንዷ አያት ለልጅ ልጃቸው ያስተማሩት አምስት መቶ ዓመት አለፈ፤ የእኔ አያት ዕውቀት ግን ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም።

መጻፍ ምን እንደሚያተርፍ ከዚህም የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ዛሬም የደጋ ልጆቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ወርደው ወባ ይዘው ይመለሳሉ። አሁን የሚሰጣቸው ዋናው መድኃኒት፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቀበለችው፣ አርቴሚሲኒን ከሚባል የዕፅ ቅመም የመጣ ነው። ዕፁ ከእኛ ጭቁኝና አሪቲ ጋር የአንድ ወገን ዘመድ ነው። ቅመሙን ያገኘችው ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ተመራማሪ ናት። ቡድኗ ቅጠሉን በሙቀት ሲያወጣው ውጤቱ አልጸና አለ። እሷ ግን ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የሐኪም መጽሐፍ ስታነብ፣ ቅጠሉ እንዲፈላ ሳይሆን በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ማዘዙን አስተዋለች። ሙቀት ቅመሙን ያበላሸዋል ማለት ነው ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ሞከረች፤ ተሳካላት። አስቀድማ በራሷ ላይ ፈትናው ለታማሚ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ልብ በሉ፤ ጭቁኝ የዚያ ዕፅ ዘመድ ነው ማለት ጭቁኝ ወባ ያድናል ማለት አይደለም። የቱ ዩዩ ትምህርት ሁለት ነገር ነው፤ የቀደመውን አንብቢ፣ ያነበብሽውንም ሳትፈትኚ አትስጪ።

ሳይፈተን ሲሰጥ ምን እንደሚሆንም ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂግ ዋና ከተማ በብራስልስ፣ ለመክሳት ብለው ወደ አንድ ክሊኒክ የሄዱ ሴቶች የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን ተሰጣቸው። መቶ ያህሉ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ምክንያቱ ሲመረመር ሁለት የተለያዩ ዕፅዋት በቻይንኛ ተቀራራቢ ስም ስላላቸው፣ በአንዱ ምትክ መርዛማው ገብቶ ነበር። ሁለት ደንበኞች አንድ ስም ይዘው ሲመጡ ሒሳባቸው የተደበላለቀበት ሠራተኛ ይህን በደንብ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ የእኛ ስሕተት በወሩ መጨረሻ ይታረማል፤ ኩላሊት ግን አይመለስም። የእኛው ኮሶም ቢሆን መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ታውቋል። «ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ውሸት ነው።

ታዲያ እጅን ከብዕር ያገናኘ ሙያ በእኛ ሀገር አልነበረም? ነበረ፤ ያውም እዚሁ ጎንደር። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ ሳኒታሪያኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። የኅብረተሰብ ነርሶቹ ሴቶች ነበሩ። ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያና ወደየመንደሩ ወጡ፤ እርጉዝ አዩ፣ አዋለዱ፣ ያዩትንም በመዝገብ ጻፉ። የጤና ሙያን በር ለሴት ልጅ ከከፈቱት መካከል እነሱ ናቸው።

ቻይናም ይህንኑ በራሷ መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ «ባዶ እግር ሐኪሞች» የተባሉ የገበሬ ልጆች ለጥቂት ወራት ሠልጥነው፣ መርፌውንና ባህላዊ ዕፁን ከዘመናዊው ክትባትና ክኒን ጋር ይዘው በየመንደሩ ተሰማሩ። ከመካከላቸው ብዙ ሴቶች ነበሩ። ሥልጠናቸው አጭር ስለነበር ጉድለትም ነበረባቸው፤ ቢሆንም በ1978 እ.ኤ.አ. በአልማ አታ የዓለም መንግሥታት ስለ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት ሲስማሙ የእነሱ ልምድ አንዱ መነሻ ሆኗል። በእኛም ሀገር እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሰማርተዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። አያቴ «አንድ ቀን ቀድሜ በላክኋት» ያሏትን ዓይነት ሴት ዛሬ ቀድማ የምትልክ፣ መዝገብ የያዘች ልጅ በቀበሌው አለች።

እንግዲህ የተጠየቅኩትን ልመልስ። የቻይናው ሙያ ለሀገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ አዲስ አበባ ያለው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የተሠራው በቻይና እርዳታ ነው። የመርፌ ሕክምና ለአንዳንድ ሕመም እፎይታ እንደሚሰጥ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ለብዙው ግን ማስረጃው ገና ደካማ ነው። ስለዚህ ብድሩ ይሰጥ እላለሁ፤ ነገር ግን በሦስት ውል።

አንደኛ፣ እኅታችን የአዋላጅነት ፈቃዷን እንደያዘች ትቆይ። የሚደማትን፣ ምጥ የበዛባትን፣ እርጉዝ ሆና ራሷን የሚፈልጣትንና ዓይኗን የሚያጭበረብራትን ሴት በመርፌም በቅጠልም ሳታቆይ ወደ ሆስፒታል ትላክ። ሁለተኛ፣ ትምህርቱን በታወቀ ቦታ፣ በአስተማሪ ፊት በእጇ እየሠራች ትማር፤ ከጤና ቢሮ ፈቃድ ሳታገኝም አትጀምር። አንድ መርፌ ለሁለት ሰው አይዋል። ሦስተኛ፣ የምታያትን እያንዳንዷን ሴት ትመዝግብ፤ ምን አሟት መጣች፣ ምን ተደረገላት፣ ከወር በኋላ እንዴት ሆነች። የዳነችውን ብቻ ሳይሆን ያልዳነችውንም ትጻፍ። ኪሳራ ያልተጻፈበት መዝገብ መዝገብ አይባልም።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ብድሩ ቢጸድቅም ባይጸድቅም፣ ማኅበራችን አንድ ወፍራም ደብተር ይግዛ። በደባርቅ፣ በዳባትና በወገራ ያሉ የልምድ አዋላጅ እናቶች አሉን፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። እየሄድን እንጠይቃቸው፤ በፈቃዳቸውና በስማቸው እንጻፍ። የምንጽፈው ለሰው ለማዘዝ አይደለም፤ የሚፈትነው ሰው ሲመጣ እንዲያገኘው ነው። ለደጋፊዎቻችንም የምናሳየው ነገር ይኖረናል፤ ከገንዘቡ ሒሳብ ጎን የእናቶቻችን ሒሳብ።

ውሳኔው በሰኔው ስብሰባ ነው። የብድሩን ስሌት በሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። የደብተሩን ዋጋ እኔ ከፍያለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ከአያቴ የማስታውሰውን ያህል ጽፌያለሁ። በመንገድ ላይ የቀረችውንም ሴት ጨምሬ።