ባይኖኩላር ለሰሜን ተራሮች፦ አመራረጡና አጠቃቀሙ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ ያሉ አርሶ አደሮች ጭላዳ ገብስ ማሳ መግባቱን፣ ከጎንደር የሚሄዱ ጎብኚዎችም ዋልያን ሳያስደነግጡ ከሩቅ ማየት ይፈልጋሉ። በጠብመንጃ ላይ የተገጠመ የዒላማ መነጽር ለዚህ አይሆንም፤ የሚታየው እረኛ ቢሆን አፈሙዙም ወደ እርሱ ይዞራልና። ተገቢው መሣሪያ ባይኖኩላር ነው።

አመራረጥ፦ «8×42» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 8 ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። ሌንሱ ሲሰፋ በንጋትና በምሽት አጥርቶ ያሳያል፤ ክብደቱ ግን ይጨምራል። ከ10 ጊዜ በላይ የሚያቀርበው ያለ ማስደገፊያ ሲያዝ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ጭጋግ ለሚበዛበት ደጋ ውኃ የማያስገባው ይመረጣል።

አስተካከል፦ በመጀመሪያ ሁለቱ ክብ ምስሎች አንድ እስኪሆኑ ቱቦዎቹን ማጠፍ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የቀኙን ሌንስ ሸፍኖ በመካከለኛው መዘውር ለግራ ዓይን ማጥራት፤ ከዚያም ግራውን ሸፍኖ፣ መዘውሩን ሳይነኩ፣ በአብዛኛው በቀኝ ዓይን ማሳረፊያ ላይ ባለው ቀለበት ማስተካከል ይገባል።

ጥንቃቄ፦ በባይኖኩላር ፀሐይን መመልከት ዓይንን ያሳውራል። አቧራ የያዘ ሌንስ በቅድሚያ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በጋቢ ጫፍ ማሸት ይጭረዋል።