ኤምጂቢ
ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በአቢንግደን ከተማ የተሠራ ጣሪያው የሚከፈት የስፖርት መኪና ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ኤምጂኤ አካሉ በተለየ ሻንሲ ላይ ይታሰር ነበር፤ በኤምጂቢ ግን አካሉና ሻንሲው አንድ ሆኑ። ስለዚህ መኪናው ከቀዳሚው ቢያጥርም ለተሳፋሪና ለዕቃ የበለጠ ቦታ ነበረው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲሲ ነው። በ1965 ጣሪያው የማይከፈት ኤምጂቢ ጂቲ ተጨመረ።

ዋናው ገበያው አሜሪካ ስለነበር የዚያች አገር የደህንነት ሕግ መኪናውን ለወጠው። በ1974 የክሮም ፓራውልቱ በጥቁር ጎማ ተተካ፤ መኪናውም ከመሬት ከፍ በመደረጉ በጥምዝ መንገድ ላይ የነበረው መረጋጋት ቀነሰ። ፋብሪካው በ1980 ሲዘጋ ከ500,000 በላይ ተሠርተው ነበር።